በልማድ የቆመ አንገት

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት የተማሪዎቼን የልምምድ ሰዓት ልመዘግብበት ነበር። ግን ሰሞኑን አንገቴ ወሬ አብዝቷል፤ ለሰው ከምነግር ለወረቀት ልንገር ብዬ ነው። ሰው መልስ ይሰጣል።

መኪና መንዳት አሠለጥናለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሦስት ነው። ከባሌ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት፣ ከቁርጥማት ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሁለቱም ጠዋት ጠዋት ይብስባቸዋል። ቁርጥማቱን ሐኪሞቹ ሩማቶይድ አርትራይትስ ይሉታል። ጣቶቼን ዝንጅብል አስመስሏቸዋል። አዲስ ተማሪ መጀመሪያ እጄን ያይና ይደነግጣል፤ መሪ ስይዝ ካየ በኋላ ይረሳዋል። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ «መኪና የሚነዳው በእጅ አይደለም፣ በአንገት ነው። አንገት የተሠራው ዞሮ ለማየት ነው። ስፖኪዮ ይዋሻል፣ አንገት አይዋሽም።»

ሰሞኑን የእኔው መዋሸት ጀምሯል።

ዛሬ ጠዋት የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል ከማጅራቴ ተነስቶ በጀርባዬ በኩል እስከ እግሬ ጣት ድረስ ኮረንቲ ወረደ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ጎነበስኩ። አልተሳሳትኩም። ክር የሌለው ጫማ አደረግሁ። ችግሩ ተፈታ።

ሐሙስ 7

ትራስ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የትራስ ነው። ይህን ያለው ባሌ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ የሰውን ገላም እንደ ቧንቧ ነው የሚያየው፤ የሆነ ቦታ ተጣሟል፣ እዚያው ቦታ ይቃናል፣ አለቀ። ዛሬ ሦስተኛውን ትራስ ይዞ ገባ። የመጀመሪያው ለስላሳ ነበር፣ ሁለተኛው ድንጋይ። ይሄኛው መሀሉ ጎድጓዳ ነው።

«ለምን ጎደጎደ?»

«ጭንቅላትሽ እንዲገባበት።»

«ጭንቅላቴ ገብቶ የሚቀርበት ጉድጓድ ሲደርስ ያን ጊዜ ትራስ አያስፈልገኝም።»

«አንቺ ሴት፣ አፍሽን ግን ቁርጥማት አይዘውም?»

ተኛሁበት። ጭንቅላቴ ገባ። ሲወጣ አንገቴ ውስጥ የሆነ ነገር «ቋ» አለ። ባሌም ሰማው። ሁለታችንም አልጋው ነው አልን።

ቅዳሜ 9

ማሠልጠኛው አዲስ ተማሪ ሰጠኝ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፣ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሾፌር ሲነዳቸው ኖረው ሾፌሩም ጡረታ ወጣባቸው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ግራ ቀኙን ሳይሰሙ አይነቃነቁም። ከኋላችን መኪናው ሁሉ ጡሩንባ ሲነፋ «ሥነ ሥርዓት!» ይላሉ በመስኮት።

ቀስ ብለው መንዳታቸውስ ባልከፋ። ፍሬን ግን የሚይዙት ፍርድ እንደሚሰጡ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ያዙት። አሥራ አንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ወደፊት ሄዶ ተመለሰ። ሁሌ ይመለሳል። ጎበዝ ጭንቅላት ነው።

ማክሰኞ 12

ከማሠልጠኛው አጠገብ ያለው ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ፂም ለማብቀል ገና የሚታገል ልጅ ነው።

«ሌላ የቆየ ሕመም አለብዎት?»

«የለብኝም።»

እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

«የጡንቻ መሸማቀቅ ነው» አለኝና ቅባት ጻፈልኝ። ጡንቻዬ ምን አሳፍሮት እንደተሸማቀቀ አልነገረኝም። ምናልባት ስዋሽ ሰምቶ ይሆናል።

ምን ላድርግ? በሚመጣው ወር የአሠልጣኝነት ፈቃዴ ይታደሳል፤ የጤና ምርመራ አለው። አምና አንዱ ባልደረባችን ዓይኑ ደከመ ተባለና ጠመኔ አስጨብጠው የንድፈ ሐሳብ ክፍል ከተቱት። አሁን ሰሌዳ ላይ መኪና እየሳለ ይኖራል። ጎማዎቹ እንኳ እኩል አይደሉም።

ቅባቱ ይሸታል። ተማሪዎቹ መስኮት ከፈቱ።

ዓርብ 15

ቸኩያለሁ። ብርጭቆ ወደቀ። የመኪና ቁልፍ ሁለት ጊዜ። የሸሚዝ ቁልፍ ሃያ ደቂቃ፤ በመጨረሻ ሹራብ። ከመኪና እስከ ሽንት ቤት፣ ለጥቂት። ዕድሜ ነው።

እሑድ 17

መኪናዋን ላጸዳ ወጣሁ። የማሠልጠኛው ናት እንጂ የኔ አይደለችም፤ ግን ሌላ ሰው ሲያጥባት ደስ አይለኝም። የዳሽቦርዱን ኪስ ስከፍት ከፈተና ቅጾቹ ሥር ያቺ ወረቀት አለች።

ማን እንዳስቀመጣት አውቃለሁ። የቁርጥማት ሐኪሜ ከሦስት ወር በፊት የጻፈችልኝ ናት። የአንገት ራጅ፤ ቀና ብሎም አቀርቅሮም። «ይሄ በሽታ ጣት ብቻ አይደለም የሚበላው፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ ተነሺ» ብላኛለች። እኔም እሺ ብያለሁ። ከዚያ ፈተና ደረሰ፣ ከዚያ ተማሪ በዛ፣ ከዚያ ዝናብ ሆነ።

አየኋት፤ አቧራዋን አራገፍኩላትና መልሼ ከቅጾቹ ሥር አስገባኋት። ስላየኋት ብቻ ግማሽ መንገድ የሄድኩ መሰለኝ።

ሰኞ 18

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔ ጆሮ ዛሬ ዘመድ ሆነኝ። ከቢሮው ጀርባ ቆሜ ጃንጥላዬን ለመዝጋት ከጣቶቼ ጋር ስታገል የማሠልጠኛው ባለቤት ድምፅ ሰማሁ። ሲያንሾካሹክ ሁለት መንደር ስለሚሰማው «ጥሩምባ» ነው የምንለው።

«ሴትዮዋ መቅመስ ጀምራለች መሰለኝ» ይላታል ጸሐፊዋን። «አረማመዷን አይተሻል? ጥጥ ላይ የምትሄድ ነው የምትመስለው።»

«እሷ? አይመስለኝም ጌታዬ።»

«እኔስ መች መሰለኝ።»

መጀመሪያ ልገባና ልሞልጨው አሰብኩ። ቀጥሎ አሰብኩት። ሰካራም ነች ቢሉኝ ይመክሩኛል፤ ታማለች ቢሉኝ ጠመኔ ይሰጡኛል። እንዲያውም ሲያየኝ ትንሽ ፈገግ አልኩለት፤ ሰካራም ፈገግ ይላል።

ግን ጥጥ ያለው ነገር ልክ ነው። እንዴት አወቀ? እኔ ለማንም አልነገርኩም።

ረቡዕ 20

ይህን መጻፍ አልፈልግም። እጽፈዋለሁ።

ከዳኛው ጋር ነበርን። መብራት ላይ እንደ ልማዳቸው ፈረዱ፤ ጭንቅላቴ ወደፊት ሄደ፣ ቋ፣ ኮረንቲው ወረደ። ከወገቤ በታች ያለው የሰው ሆነ። «ይቀጥሉ፣ ደህና ነው» አልኩ። መቶ ሜትር ሳንሄድ አንዲት ሴትዮ ሁለት ዘንቢል አንጠልጥለው ዜብራው ላይ ወጡ። ዳኛው ፍሬን አገኘሁ ብለው ነዳጁን ረገጡት።

በእኔ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አለ። ለዚህ ነው የምከፈለው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳላስብ የምረግጠው ነው። እግሬን ላክሁት። አልሄደም። ጫማዬ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ እንግዳ አየኝ።

ዳኛው ራሳቸው ፍሬኑን አግኝተው ያዙት። መኪናዋ ከዘንቢሉ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ሴትዮዋ ኮፈኑን በጡጫ መቱት።

«ከነመንጃ ፈቃድህ ገደል ግባ!»

«መንጃ ፈቃድ የለኝም እመቤቴ» አሉ ዳኛው በትሕትና።

ላባቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን አልያዙትም?»

አፌ ቁርጥማት አይዘውም። ወዲያው መለሰ፦ «እርስዎ እንዲይዙት ብዬ ነው። ዛሬ ሠልጥነዋል። ጎበዝ።»

ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ስድሳ ስምንት ዓመት ማንም ጎበዝ ያላቸው አይመስልም። የቀረውን መንገድ እያፏጩ ነዱ። እኔ የሴትዮዋን ዘንቢል ነበር የማየው። አንደኛው ውስጥ ጎመን ነበር፣ ሌላው ውስጥ የልጅ ጫማ።

ሐሙስ 21

ዳኛው ለጥሩምባ ነግረውታል። «አሠልጣኝ ማለት እሷ ናት! እግሯን አነሳችና ሕይወታችንን በእጄ ጣለችው!» ጥሩምባ አጨበጨበ። ጸሐፊዋም። እኔም የምገባበት ሲጠፋኝ አጨበጨብኩ።

እግሬን አነሳሁ አሉ። እግሬን ማንሳት ብችል ኖሮማ።

እሑድ 24

ባሌ ሰሞኑን ዝም ማለቴን አይቶ አንገቴ ብሶ ነው ብሎ ደመደመ። «በቃ ትራስ አይሆንም» አለ። «ወዳጄ ጋ እንሂድ።» ወዳጁ የኳስ ቡድን ወጌሻ ነው። «የወለቀ ጉልበት በአንድ ጠምዘዝ ይመልሳል። አንገትሽን አንዴ ቢያንቋቋልሽ ነገ ስትዘፍኚ ትነሻለሽ።»

ሄድን። ከሜዳው መቀመጫ ሥር ያለች፣ በላብና በቅባት የምትሸት ክፍል ናት። ሰውዬው እጁ አካፋ ያህላል። በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ፤ ባሌ ፊት ለፊት ቆሞ እንደ ቧንቧ ሊያየኝ ተዘጋጀ። ወጌሻው ሁለት ጣቱን ማጅራቴ ላይ አሳረፈና «ቀስ ብለሽ አገጭሽን ዝቅ» አለኝ። ትንሽ ዝቅ አልኩ።

ጣቶቹ ቆሙ። ሳይጫን ሳያነሳ ቆየ። ከዚያ «ቀና በይ፤ እንዳትጣደፊ» አለ፤ ዞሮ መጣና እጄን አንስቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋቸው።

«ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

እጁን በፎጣ ጠረገ። «ይሄን አልነካም።»

«ትንሽ ብቻ ብታንቋቋላት...» አለ ባሌ።

«ወንድሜ፣ ይሄን አንገት ባንቋቋው እኔ እስር ቤት ነኝ፣ አንተ መቃብር ቆፋሪ ፍለጋ ነህ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሃያ ዓመት በፊት እንዲህ ዓይነት እጅ የነበረው ሰው አንገት ነክቻለሁ። አላወቅኩም። አሁን በክራንች ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል። እሱ ነው የሚከፋው፣ ሰላምታው።»

ንጹሕ ፎጣ ጠቀለለና አንገቴ ዙሪያ አሠረልኝ። «ነገውኑ ሆስፒታል ሂዱ። እሷ ደግሞ አታቀርቅር።»

የተማረው ሐኪም ቅባት ሰጠኝ፤ ያልተማረው ፎጣ። ግን ያልተማረው እጄን አየ። ያኛውም ባሳየው ኖሮ ያይ ነበር።

ባሌ እስከ ቤት ድረስ ክርኔን ደግፎ አደረሰኝ። በሃያ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ 25

ባሌ ሆስፒታል እንሂድ አለኝ፤ ቀጠሮ ይዣለሁ አልኩት። ውሸት። ፎጣውን በር ላይ ፈታሁት። አንድ ቀን ብቻ። ተማሪዎች አሉ።

ማክሰኞ 26

ዳኛው መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብለው ሞተር አስነስተው ጠበቁኝ። የእኔን በር ከፈትኩ። ወንበሩን አየሁ፣ ከሥሩ ሁለተኛውን ፍሬን አየሁ። መግባት አቃተኝ። እግሬ አይደለም ያቃተው፤ እኔ ነኝ።

«ምነው?»

«ረቡዕ ዕለት ፍሬኑን ልይዘው ፈልጌ ነበር። እግሬ አልታዘዘኝም። ጎበዝ ያልኩዎት ለመሸፈን ነው።»

ሞተሩን አጠፉ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማርሹን አወጡ፤ በሥርዓቱ፣ አንድም ሳይሳሳቱ። ወጥተው ከፊቴ ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ወር ይሆናል። ሁለት።»

«ማን ያውቃል?»

«ደብተሬ።»

«ሐኪም?»

የዳሽቦርዱን ኪስ ከፍቼ ወረቀቷን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን አነበቡ። «ሦስት ወር!» አሉ። «በቀጠሮ ማራዘም እኔም የማልታማ ሰው አይደለሁም፤ ይሄ ግን በዛ።»

ፈገግ ልል ስል ፊታቸውን አየሁትና ተውኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አሉኝ።

«ያቺን ሴትዮ ብገጫት ኖሮ ተከሳሹ እኔ ነበርኩ። ጥፋተኛ ነኝ ብዬም አምን ነበር፤ ታውቂያለሽ? እስክሞት። አንቺም ዝም ትዪ ነበር።»

አልልም ልል ነበር። እውነቱን አላውቀውማ።

መነጽራቸውን አወለቁና፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፦ «ታዲያ ጎበዝም አይደለሁም ማለት ነው?»

«ፍሬኑን የያዙት እርስዎ ነዎት» አልኩ። «እሱ እውነት ነው። እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

አሰቡበት። ተቀበሉት። ባለታክሲ ጠሩልኝ። «እኔ ላድርስሽ እንዳልል ፍሬኔን ታውቂዋለሽ» አሉ። ለሾፌሩ ደግሞ በመስኮት፦ «ቀስ ብለህ! ያለ ጉድጓድ!» እንደዚያ የሚባል መንገድ እንዳለ ሁሉ።

ረቡዕ 27

የራጅ ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ማስቲካ እያኘከች «ቀና፣ እሺ፣ አሁን አቀርቅሪ» አለች። ምስሉን አየች። ማኘኳን አቆመች። «እማማ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ብላ ወጣች። ገና ሃምሳ ሦስቴ ነው፣ እማማ የምባለው አንገቴ ሲታይ ነው ማለት ነው።

የቁርጥማት ሐኪሜ ራሷ መጣች። አልተቆጣችኝም፤ ቁጣዋን ነበር የምመርጠው። ፎቶውን መብራት ላይ ሰቀለችና አስረዳችኝ። ከጭንቅላት ሥር ያለው የመጀመሪያው አጥንት እንደ ቀለበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጣት አለው፣ ቀለበቱ ውስጥ የሚቆም። ጣቱን ከቀለበቱ ጋር የሚያስረው ጅማት ነው። ያን ጅማት ቁርጥማቱ በልቶታል። ቀና ስል ሁሉም በቦታው ነው፤ ሳቀረቅር ቀለበቱ ወደፊት ይንሸራተትና ያ ጣት ወደ ኋላ ይቀራል። ከኋላው ያለው ደግሞ እጅና እግሬን የሚያዘው የነርቭ ገመድ ነው።

«ኮረንቲው እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ዕቃ መጣሉም፣ ጥጥ ላይ መሄዱም።» እስክሪብቶዋን አነሳች። «ሽንትስ?»

«ደህና ነው» አልኩ።

ጠበቀችኝ።

«ደህና አይደለም» አልኩ።

«እሺ።» ጻፈችው።

«ታዲያ እስከዛሬ ጭንቅላቴን ምን ይዞት ነው የቆየው?»

«ልማድ» አለች።

አንገት ደፊ አገር አጥፊ ይላሉ። እኔ አንገቴን በደፋሁ ቁጥር አገር አማን ነበር፤ ራሴን ነው የማጠፋው።

አልጋ ያዝኩ። ጠንካራ የአንገት መደገፊያ አጠለቁልኝ። አሁን ይህን ደብተር ግድግዳ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው፤ ፊደሎቼ ወደ ላይ ይሸሻሉ።

ዓርብ 29

ለጥሩምባ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ዜብራውን ጭምር። 

«እና አትጠጪም?»

«አልጠጣም።»

«ይገርማል። እኔኮ ዳኛውን የሰጠሁሽ ከሃያ በላይ አይነዱም፣ ብትቀምሽም ሰው አትጎዱም ብዬ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰካራም መስዬው ሸፍኖልኝ ነበር። ሁላችንም ሸፋኝ ሆነን ሴትዮዋን ከነዘንቢሏ ልንገድል!

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም መጣ። ሁለቱን አጥንቶች በብሎን አስሮ አንድ ያደርጋቸዋል። ባሌ ወዲያው ነቃ።

«ብሎኑ ስንት ቁጥር ነው?»

ሐኪሙ ነገረው።

«ጥርሱስ? ዝገትስ?»

«አይዝግም አባቴ።»

«እንዲህ እንላለን እኛም ለደንበኛ» አለኝ ባሌ ሐኪሙ ሲወጣ። 

ከዚያ የማደንዘዣ ሐኪሟ አፌን አስከፈተችኝ። ሌላው ሰው ተኝቶ ነው የመተንፈሻ ቱቦ የሚገባለት፤ የእኔን ጭንቅላት ወደ ኋላ ማጠፍ ስለማይቻል ጉሮሮዬን አደንዝዘው ነቅቼ ነው። «ከአሁን በኋላ የትም ብትታከሚ፣ ጥርስም ቢሆን፣ መጀመሪያ አንገቴን ተጠንቀቁ በይ» አለችኝ። እሺ አልኩ። የዛሬው እሺ እውነተኛ ነው።

እሑድ 1

ነገ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ስለዚህ የቀረችውን አንዷን ለባሌ ልንገረው ብዬ ግድግዳውን እያየሁ ጀመርኩ። እሱን ለማየት መዞር አልችልማ።

«ቤት እያለሁ... ሁለት ጊዜ ሌሊት አምልጦኛል። አልጋው ላይ።»

«ሦስት ጊዜ» አለ።

«ምን?»

«ሦስት ጊዜ ነው። ፍራሹን ማን ያገላበጠው ይመስልሻል? አንቺ ሥራ ስትሄጂ።»

ግድግዳው ላይ የቀለም ስንጥቅ አለ። እሱን ሳይ ቆየሁ።

«አውቀህ ለምን አልተናገርክም?»

«ትራስ ገዛሁኮ» አለ።

ሐሙስ 5

አለሁ። ጉሮሮ እሾህ። ማጅራት እሳት። ነርሷ እግሬን በጥጥ ነካች፤ የትኛው ጣት ነው አለችኝ። ትንሹ አልኩ። ትክክል ነበርኩ። አለቀስኩ፣ ግን አንገት ሳያንቀሳቅሱ ማልቀስ ከባድ ነው፤ እንባው ጆሮ ውስጥ ይገባል።

ረቡዕ 18

ቤት ነኝ። ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ውኃ ጠጣሁ፣ አልወደቀም። የሸሚዝ ቁልፍ ስድስት ደቂቃ። ሽንት ቤት እንደ ሰው። ጥጡ ከእግሬ ሥር ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ የጠፋው ሁሉ ላይመለስ ይችላል ብለውኛል፤ ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ ያላለኝ የለም። ራሴም ብያለሁ።

የአንገቴ መዞር ግማሹ ሄዷል። በቋሚነት። ራስ ወደ ጎን የሚዞረው በዋናነት እነዚያ ሁለት አጥንቶች ላይ ነው፣ እነሱ ደግሞ አሁን ተጋብተዋል፤ ፍቺ የለም። ፈቃዴን እስኪነጥቁኝ አልጠበቅኩም። ባሌን አስይዤ ለጥሩምባ ላክሁለት። ቀላል ነገር አስመስዬ ነው የሰጠሁት። ባሌ በሩን ሲዘጋው የመኪናዋን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ፈለግሁት።

ዳኛው ስልክ ደወሉ። ፈተና ወድቀዋል። ይግባኝ ብለዋል።

ሐሙስ 17

ወር ያህል ቤት ተቀምጬ ጠመኔ ጨበጥኩ። ሰላሳ ተማሪ። ሰሌዳው ላይ ዜብራ ሣልኩ፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴትዮ ሣልኩ፣ መኪና ሣልኩ። ጎማዎቼም እኩል አይደሉም።

አንዷ እጇን አወጣች። «አሠልጣኝ ሁለተኛ ፍሬን ካለው ተማሪው ለምን ይፈራል?»

ነገርኳቸው። ዳኛውን ሳልጠቅስ፣ ራሴን ሳልዘል። እግሬን ልኬው አልሄደም አልኳቸው። ጎበዝ ብዬ ዋሸሁ አልኳቸው።  «ዓይናችሁ ሲፈዝ፣ እጃችሁ ሲደነዝዝ፣ እግራችሁ ሲዘገይ መጀመሪያ መኪናውን አቁሙ፤ ምክንያቱን ቆማችሁ ፈልጉት» አልኩ። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ጥሩምባ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ጠበቅኩ። «በሩን ዝጊው፣ ድምፅሽ ሁለት መንደር ይሰማል» ብሎኝ ሄደ። እሱ ነው እንዲህ የሚለኝ።

እሑድ 20

መደገፊያውን ካወለቅሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጠን ባሌ በግራዬ በኩል ያወራል። እኔ በመስኮቱ እያየሁ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው፤ እሱ ከጎን ያወራል፣ እኔ ወደፊት እያየሁ እሺ እላለሁ። የመኪና ልማድ ነው።

የሚያወራው ስለዚያች ስለምታፏጨው ቧንቧ ነው። ሥራ የጀመረ ሰሞን አንድ ቤት ተጠርቶ፣ ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ ያፏጫል ተብሎ፣ ሦስት ቀን ሲፈታ የከረመበትን። ስንቴ ጀምሮልኛል። እኔ ሁሌ የሆነ ቦታ ላይ እጠፋለሁ።

ዛሬ ላየው ፈለግሁ። አንገቴ የሚሄደውን ያህል ሄደና ቆመ፤ የማየው የጆሮውን ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ተነሳሁ። ወንበሬን አነሳሁ፣ አዞርኩት፣ ጉልበቴ ጉልበቱን እስኪነካ ድረስ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ወሬውን አቆመ። ፊቱ ተለወጠ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ቀጥል።»

«እውነት ንገሪኝ። ምን አደረግሁ?»

«ቀጥል ነው የምልህ። ሦስተኛው ቀን ላይ ነህ።»

እየተጠራጠረ ቀጠለ። ግድግዳውን በሦስት ቦታ አፈረሰ። ቧንቧውን ሁሉ ቀየረ። አሁንም ያፏጫል። ቀና ብሎ ያላየው አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፤ ጨርቅ የተጣለበት የሽቦ ጎጆ ነገር። ጨርቁን ገለጠው።

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ መጨረሻውን ሳላውቅ እሺ ስል ኖሬያለሁ።

ወፍ ነበር።